ከለኪው በቀር

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «እኛን ለማለት ነው» ብሎ የሚቀየም ዘመድ አይጠፋም፤ ባልነግራችሁ ግን የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። ብቻ አምስት ሸለቆዎች ነበሩት፤ ከላይ ወደ ታች እንደተኛ ሰው የተዘረጉ። ንጉሡ የሚቀመጡበት የላይኛው ሸለቆ ራስጌ ይባላል። ከሱ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ጉልበት፣ መጨረሻው ግርጌ ነው። የሚያገናኛቸው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን በየሸለቆው መግቢያ ላይ ትልቅ የእንጨት በር ቆሟል። በሩ እንኳ ከቆመ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም፤ ፍየል ጥላ ፍለጋ ይተኛበት ነበር።

የዚያ አገር ሰው ሁለት ነገር አይሆንለትም። አንደኛው፣ ሰላም ሳይባባል ማውራት አይችልም። ሰላምታ ስላችሁ እንደኛ ዘመን እጅን ወዝወዝ አድርጎ ማለፍ እንዳይመስላችሁ። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሽማግሌ ከሆነም ጉልበት ይሳማል፤ ከዚያ «ከብቱ ደህና? አዝመራው ደህና? ያ ያመመሽ ጥርስ እንዴት ሆነልሽ?» ሲባባሉ ፀሐይዋ ቦታ ትቀይራለች። ሰላም ሳይሉት ጥያቄ የጠየቁት ሰው እንደተሰደበ ይቆጠራል። በሕግም ተጽፏል፦ ሰላምታ የተነፈገ ሹም ጉዳዩን እዚያው ጥሎ ወደመጣበት ይመለስ፤ ነፋጊውም ሹሙ የፈረደበትን ይቀበል።

ሁለተኛው ስቅታ ነው። ስቅ ሲለን «ማን አነሳኝ ይሆን?» ማለት እኛም ዘንድ አለ። እነሱ ግን ጠይቀው አያበቁም። ስሜን በፍቅር ያነሳ ሰው አለ ብለው ስንቅ ቋጥረው ይነሳሉ። እህት ትሆን? ሄዶ ማየት ነው። የድሮ ጎረቤት ይሆን? እሱንም ሄዶ ማየት ነው። ስቅ ብሎት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ልበ ደረቅ ተብሎ ይታማል። አንጀት የሚበላ ሕዝብ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እንግዲህ እንደዚህ ባለ ሕዝብ ላይ ነው የስቅታ በሽታ የወረደው።

በራስጌ የጀመረ ሰሞን ሰው ሁሉ ደስ አለው። «ዘንድሮስ ምን ያህል ተወደድን» እያለ ዘመድ ጥየቃ ወጣ። ለጎልማሳው በሽታው አርባ ቀን ሆድ ከማድከም አያልፍም ነበር፤ ሽማግሌና አራስ ልጅ ግን ትንፋሽ እያጠራቸው ይሞቱ ጀመር። በአንድ ወር ውስጥ ራስጌ ሠላሳ ሕፃን ቀበረ። ከራስጌ የተነሱ ሰርገኞች ትከሻ በገቡ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ትከሻም ስቅ አለው።

ንጉሡ ደነገጡና ሊቀ መዝጊያ የሚባል አዲስ ሹመት አወጡ። ሹመቱን ያገኙት ድንበሩ የሚባሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ዘመናቸው አንድ በር በገዛ እጃቸው ዘግተው አያውቁም፣ ሁልጊዜ ከኋላቸው የሚዘጋላቸው አሽከር ነበረ። እሳቸውም የመቀርቀሪያ አዋጅ አስነገሩ፦ አምስቱም በሮች ይዘጉ፣ ሰውም ከየቤቱ አይውጣ፣ ስቅ ቢለውም አይውጣ። ሕዝቡ አለቀሰ፣ ግን ታዘዘ። በር ጠባቂዎቹማ ጉድ ነበሩ። የወገብ በር ጠባቂ የገዛ አማቱን ከነስንቋ መልሷታል፤ እስከ ዛሬም አልታረቁም ይባላል።

ያ መንግሥት ታዲያ አንድ ደንብ ነበረው፤ የታወጀ ነገር ሁሉ ይለካል። አንድ ዓመት ንጉሡ «ሕዝቤ ደስ ይበለው» ብለው ቢያውጁ እንኳ ለኪ ተልኮ የየሰውን ፈገግታ በክር ለክቶ መጥቷል። ስለዚህ በሮቹ በተዘጉ በአሥራ አምስተኛው ቀን ንጉሡ «መዝጋታችን በሽታውን ስንት ቀን አዘገየው? ልኩን አምጡልኝ» አሉ።

ያ ፈገግታ የለካው ሰው ቢያድግልኝ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ለኪ ነው። ማሳ ለክቷል፣ የወንዝ ጥልቀት ለክቷል፣ የሹማምንት ንግግር ስንት ክንድ እንደሚረዝም ለክቷል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ አትጠገብ። አትጠገብ ግርጌ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀን እየቆጠረች ነበር። ሲድራት «ስትወልጂ ከደጅሽ አልጠፋም» ብሎ ቃል ሰጥቷታል። በሮቹ ሲዘጉ ቤቱ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ለካ» የሚለው ትእዛዝ ሲመጣለት እንግዲህ ምን ያህል እንደፈነደቀ አስቡት። በአገሩ ሁሉ በበሮቹ እንዲያልፍ የተፈቀደለት ሰው እሱ ብቻ ሆነ፤ እሱና መለከት እየነፋ መምጣቱን የሚያስታውቅለት ጫንያለው።

ሊነሳ ሲል ስቅ አለው። «አትጠገብ ናት» አለ ፈገግ ብሎ። «እያነሳችኝ ነው።»

ትከሻን ቶሎ ለካ፤ ቀድሞ የታመመ ስለነበረ ብዙ የሚለካ አልነበረውም። ወገብ የገባው በሮቹ በተዘጉ በሃያኛው ቀን ነው። ወገብ ውስጥ አንድም ስቅ ያለው ሰው አልነበረም። በር ጠባቂው መዝገቡን ገልጦ አሳየው፤ «ከተዘጋ ጀምሮ ከለኪው በቀር ማንም አልገባም» ይላል። ቢያድግልኝ ጣቱን በቃላቱ ላይ አስኪዶ «ንጹሕ ሥራ» ብሎ ፈረመለት፤ ግልባጩንም ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

የመለካት ደንቡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መለከት ይነፋል። መለከቱን የሰማ ሰው ሁሉ ሊለካ ወደ አደባባይ ይወጣል። ከዚያ ለኪው እያንዳንዱን አባወራ ሰላም ይላል፤ ሰላም ሳይሉ መጠየቅ ነውር ነዋ። ሚስቶችን ይስማል፣ የሽማግሌ ጉልበት ይስማል፣ አራሶች ሕፃናቱን አምጥተው ያሳቅፉታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው።

«ስንት ቀን ሆናችሁ ሳትሰበሰቡ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከዛሬ በቀር ሃያ ቀን» አሉት።

ያንኑ ጻፈ። ምን ያድርግ፣ የተባለውን ነው የጻፈው። ከሃያ ቀን በኋላ የሰው ትከሻ ያገኘው የወገብ ሰው ደግሞ አልለቀውም፤ በየቤቱ ጋበዙት። ሙሉ፣ ይበልጣል፣ ትንሷ ስንዱ የሚባሉ ሦስት አራስ ሕፃናት ጭኑ ላይ ተኝተው ነበር። ስንዱ ጢሙን ይዛ አልለቅ ብላ እናቷን አስቃለች። በመሃል በመሃሉ ስቅ ሲለው ቤተኞቹ «ይቺ ልጅዎ አትረሳዎትም» ይሉት ነበር።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ወገብ ውስጥ የመጀመሪያው ስቅታ ተሰማ። ቢያድግልኝ አዝኖ ገመዱ ላይ ቀይ ክር አሰረ። የገመዱን ነገር ልንገራችሁ፦ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ሸለቆ በገባበት ቀን ነጭ ክር፣ የመጀመሪያው ስቅታ በተሰማበት ቀን ቀይ ክር ያስራል። ከዚያ መንገዱን ቀጥሎ ጉልበት ገባ። ጉልበትም ደህና ነበር፤ መዝገቡም «ከለኪው በቀር ማንም አልገባም» ይላል። እዚያም መለከት ተነፋ፣ እዚያም ሰው ወጣ፣ እዚያም ተሳሳሙ። ጥቂት ቆይቶ ጉልበትም ስቅ አለው። ጫንያለው ራሱ መለከቱን ሲነፋ ድምፁ ይቆረጥበት ጀምሮ «እናቴ ናት መሰለኝ» ይል ነበር።

ግርጌ በር የደረሱት በአርባ ሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። በሩን የምትጠብቀው እትዬ ዘርፌ ናት፤ ምላሷ ለመንግሥትም የማይመለስ። በበሩ ቀዳዳ አንድ ዓይኗን አውጥታ አየችው።

«አያ ቢያድግልኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ አያት ሆነሃል» አለችው። «ሴት ናት። ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ። አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ እሱን እግዜር ያስተካክልላት።»

«እናቷስ?»

«እናቷማ በየቀኑ እዚህ እየመጣች አላስቀምጥ አለችኝ፤ መጣ ወይ፣ መጣ ወይ ነው። ቆይ ልጥራት። በሩ ያለ ሁለት ምስክር አይከፈትም፣ እነሱንም ይዤ እመጣለሁ። አንተ እስከዚያ የኋላውን ልክህን ቋጭ፣ ደንቡ እንደዚያ አይደል?»

ደንቡ እንደዚያ ነው፤ የኋላው ሳይቋጭ የፊቱ አይጀመርም። ቢያድግልኝ በሩ ፊት ለፊት ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ሣሩ ላይ ዘረጋ። በሩ ከተዘጋ እስከ መጀመሪያው ስቅታ ወገብ ስንት ቀን ቆየ? ሃያ ዘጠኝ። ጉልበትስ? አርባ አንድ። ሁለቱ አይመሳሰሉም። ያው በር፣ ያው መቀርቀሪያ፣ ያው ታማኝ ጠባቂ ሆኖ ልኩ ለምን ይለያያል? ሠላሳ ዓመት የለካ ሰው ነውና ነገሩ ከነከነው። ደግሞ ቆጠረ። ሦስተኛ ሲቆጥር ጣቱ ነጩ ክር ላይ አረፈ፣ ከዚያ ጀመረ። በወገብ ከነጩ እስከ ቀዩ ዘጠኝ ቋጠሮ። በጉልበትም ከነጩ እስከ ቀዩ ዘጠኝ ቋጠሮ።

ሰርገኞቹ የገቡበት ትከሻም ስቅ ያለው በዘጠነኛው ቀን ነበር። እንግዳ ይገባል፣ በዘጠነኛው ቀን ሸለቆው ስቅ ይለዋል። ወገብስ የገባው እንግዳ ማን ነው? የመዝገቡን ግልባጭ ከቦርሳው አወጣና የፈረመበትን ቃል አየው። ከለኪው በቀር።

ያን ጊዜ ስቅ አለው።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ «ይሄ አጋጣሚ ነው» ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ይነሳ ነበር፤ ሹም ቢሆን በተለይ። ቢያድግልኝ ግን ለኪ ነው። ስንዱ ጢሙን ስትይዘው ፊቷ ላይ የተነፈሰው ትዝ አለውና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ጌታዬ፣ ምን ሆኑ?» አለው ጫንያለው።

«ጫንያለው፣ መለከቱን አትንፋ። ከበሩም ራቅ በል።»

ከበሩ ወዲያ ማዶ ድምፅ ተሰማ። ምስክሮቹ መጡ፣ ዘርፌ መቀርቀሪያውን ያዘች። «አባባ!» አለች አትጠገብ በቀዳዳው። ልጇን ታቅፋ ነበር፤ ልጅቷ ታለቅሳለች።

«አይከፈት» አለ ቢያድግልኝ።

ዘርፌ መቀርቀሪያውን ይዛ ቀረች። አትጠገብ ሰላም የሚላት መስሏት ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«አባባ፣ ሰላም ሳይሉኝ ነው የሚያወሩኝ?»

«አዎ ልጄ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ስቅ ይለኛል።»

«እኔ ነኛ የማነሳዎት! በቀን አሥር ጊዜ ነው የማነሳዎት።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው» አለ ቢያድግልኝ። «ከራስጌ ጀምሮ አንቺ ነሽ እያልኩ ደስ ብሎኝ ተሸክሜው መጣሁ። ወገብን ያሳመምኩት እኔ ነኝ፣ ጉልበትን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ሕፃናት አቅፌያለሁ። አሁን ይኖሩ አይኖሩ አላውቅም። ያንቺን ግን አላቅፋትም።»

አትጠገብ ልጇን ይዛ ሄደች። ተቀይማለች፤ አትፍረዱባት፣ በዚያ አገር አባት ልጁን ሰላም ሳይል ሲቀር ክዶኛል ማለት ነው።

ቢያድግልኝ ያገኘውን ሁሉ ጽፎ ለጫንያለው ሰጠው። ሁሉም ቀድሞ በታመመበት መንገድ ተመለስ፣ ማንንም ሰላም አትበል ብሎ ላከው። ደብዳቤው እንዲህ የሚል ነበር፦ በሮቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ በሽታውን ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ግርጌን ስላልገባሁበት ደህና ነው፤ እባካችሁ ማንንም እንዳትልኩ። ራሱ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ርቆ የቅጠል ጎጆ ሠራ። ዘርፌ በረጅም እንጨት ጫፍ ምግብ ታወጣለት ነበር። በሦስተኛው ቀን «ወጡ የማን እጅ እንደሆነ አልነግርህም፤ እኔ ሠራሁት በይ ብላኛለች» አለችው። ቢያድግልኝ ያን ቀን ምግቡን እያለቀሰ በላ።

በሽታውም አልማረውም። ሽማግሌ ነው፣ ትንፋሽ አጠረው። ከጎጆው ሳይወጣ ያረፈደ እንደሆነ ዘርፌ ከቅጥሩ ላይ «ሞተሃል?» ብላ ትጮኻለች፣ እሱም «ገና ነኝ» ይላታል። በታመመ በአርባኛው ቀኑ ስቅታው ለቀቀው። ያን ጊዜም ቢሆን ቶሎ አልተነሳም፤ ጠንቃቃ ሰው ነውና ዘጠኝ ቋጠሮ በላዩ ጨመረ።

ዘጠኙ ሳይሞላ ግን ሊቀ መዝጊያ ድንበሩ ራሳቸው መጡ፤ ጥላ ያዥ፣ መለከት ነፊ፣ ጸሐፊ፣ በቅሎ ጎታች፣ ሁሉም ስቅ ስቅ እያሉ። ደብዳቤው ደርሷቸዋል። ጸሐፊው አንብቦት መዝገቡ ውስጥ «ያሻገረው ለኪው ነው» የሚል ቃል የሚገባበት ዓምድ ስላጣ ግርጌን «አልተለካም» ብሎ ጽፎታል። ያልተለካ ሸለቆ ደግሞ በመንግሥት ዘንድ የለም።

«ራሴ ልለካው መጣሁ» አሉ ሊቀ መዝጊያው ከበቅሎ እየወረዱ። ስቅ አላቸው፤ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ንጉሡ ናቸው፣ ሲያነሱኝ ነው።» ከዚያ ሰላም ሊሉት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቀረቡ።

በበሩ ቀዳዳ ዘርፌ ታያለች፣ ከኋላዋ አትጠገብ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ቢያድግልኝ አያቸውና ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።

«ለምን መጡ?» አለ።

ጥላ ያዡ ጥላውን ጣለ። የሠላሳ ዓመት ሹም፣ በአደባባይ፣ ያለ ሰላምታ!

«ምን አልክ?» አሉ ሊቀ መዝጊያው።

«ለምን መጡ ነው ያልኩት። ማን ላከዎት? መቼስ ነው የሚሄዱት?»

ሦስት ጥያቄ፣ አንድም ሰላምታ የለው። በዚያ አገር ታሪክ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰምቶ አያውቅም። ሊቀ መዝጊያው ፊታቸው ደም መሰለ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ያውም እሳቸው ያጸኑት። ሰላምታ የተነፈገ ሹም ጉዳዩን እዚያው ጥሎ ይመለሳል። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ፊታቸውን ሳያዞሩ ፈረዱ፦ «ቢያድግልኝ ከለኪነቱ ተሽሯል። ከዛሬ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በማናቸውም የመንግሥት በር አያልፍም። ያሳለፈው ጠባቂ ይሰቀላል።»

እንዲህ ሆኖ ግርጌ ዳነ። አንድም ሕፃን አልተቀበረበትም። አራቱ ሸለቆዎችም ቀስ በቀስ አገገሙ፤ ከወገብ ሕፃናት ግን ሙሉና ይበልጣል አልተረፉም። ቢያድግልኝ ይህን የሰማ ዕለት ከጎጆው አልወጣም። ንጉሡ ባዘዙ ጊዜ አምስቱም በሮች ተከፈቱ፤ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወደየዘመዱ ፈሰሰ። በግርጌ በር የሚወጣው ይወጣል፣ የሚገባው ይገባል። ቢያድግልኝ ብቻ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያያል።

«እኔ አላየሁህም እላለሁ፣ እለፍ» አለችው ዘርፌ።

«ያሳለፈ ይሰቀላል ተብሏል እኮ።»

«አንገቴ አጭር ነው፣ አይመቻቸውም።»

«አላልፍም ዘርፌ። በኔ ምክንያት የሞተ ይበቃል።»

አትጠገብ ይህን ከበሩ ጥግ ሆና ሰማች። ወጥታ ልታገኘው ትችል ነበር፤ ለመውጣት ሁለት እርምጃ አንስታ ተመለሰች። አባቷን ደጅ ላይ ስማ እዚያው ጥላው ልትገባ አልፈለገችም። ወደ መንደር ሮጠች።

በማግስቱ ጠዋት የግርጌ ወንዶች ዶማና መጥረቢያ ይዘው መጡ፤ ሴቶቹም ገመድ ይዘው ተከተሉ። ሰላምታው እንኳ ዛሬ አጠረ፣ ሥራ አለባቸው። የበሩን ምሰሶዎች ከሥር ቆፍረው ነቀሉ፣ መዝጊያዎቹን ከነመቀርቀሪያው በትከሻ አነሱ።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አለ ቢያድግልኝ ብድግ ብሎ።

«ቁጭ በል» አለችው ዘርፌ፤ ጉልላቱን በጭንቅላቷ ተሸክማ ነበር። «እንዳትነቃነቅ። አንድ እርምጃ ብትራመድ ሕግ ጥሰሃል። ሕጉ አንተ በበሩ አትለፍ ነው የሚለው፤ በሩ ባንተ አይለፍ አይልም።»

በሩን በግራና በቀኙ አሳልፈው፣ ጎጆውንም አሳልፈው፣ ወደ ላይ መቶ እርምጃ ወስደው ተከሉት። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ቢያድግልኝ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዋለ፤ ሲጠማው አጠጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘርፌ አዲሱ ቦታ ላይ መቀርቀሪያውን ጣል አድርጋ «ተዘግቷል» ብላ ተጣራች። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ የነበረበት ቦታ ግርጌ ሆነ።

አትጠገብ ልጇን ታቅፋ መጣችና ፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

ጉንጯን ሳመ፣ ትከሻዋን ሳመ፣ ግንባሯን ሳመ፤ ከዚያ ልጅቷን ተቀበላት። ስለ ከብቱ ጠየቀ፣ ስለ አዝመራው ጠየቀ፣ ስለ ጥርሷ ጠየቀ፣ ደግሞ ከከብቱ ጀመረ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ማንም በቃችሁ አላላቸውም፣ ስንት እንደቆዩም የለካ አልነበረም።